ዘግይቶ የሚደርስ ዙምባራ

የሄድንበት ማታ የአሶሳ ጄነሬተር እንደ ልማዱ መግሪብ ሲል ተነሳና መብራት መጣ፤ እናቴ ግን የቤታችንን አምፖል አጠፋችው። "ሰው ሻንጣ እንዳያይ" አለች። እንዳይቀናብን ይሁን እንዳናፍር እስካሁን አላውቅም፤ ምክንያቱም ሻንጣ የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን አባቴ የቀረጸው ፊልም ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ጣሳ ነው። በሩ ጋ፣ አልጋው ሥር፣ እንስራው አጠገብ፣ የትም ጣሳ ተደርድሯል። ሊሰናበት የመጣው ጎረቤት ሁሉ በጨለማ እየተደናቀፈ "ኧረ ምንድን ነው የመታኝ?" ሲል እናቴ "ባሌ ነው፤ ጣሳ ውስጥ ገብቷል" ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ራህማ እባላለሁ። ስሜ ካልመጣላችሁ አሶሳ ገበያ ከርከዴና ባምያ የምትሸጠው የሐዋ ልጅ፣ ወይም በቀላሉ "የካሜራው ልጅ" በሉኝ፤ በዚህ የማያውቀኝ የለም። አሁን የምኖረው ሃምቡርግ በምትባል የጀርመን ወደብ ከተማ ነው። ይህን የምጽፈው እዚያ ለቀራችሁት ጓደኞቼና እንደኔ ወደዚህ ለመጣችሁት ነው። ስለ አባቴ ሥራም ነው፤ እኔን ወደዚህ ያመጣኝ የእሱ ሥራ ነው፣ እናቴን እዚያ ያስቀረብንም የእሱ ሥራ ነው። በደብዳቤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰላምታ መደርደር ሰልችቶኝ ነበር፤ እንዲህ ዘርግቼ መጻፍ ስጀምር ግን እጄ አልቆም አለኝ፣ ደስ ሲል!

አባቴ ይማም የወሎ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ፊልም እንዲማር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላከ፤ ተምሮ ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራው ወደ አሶሳ የመጡትን ሰፋሪዎች መቅረጽ ሆነ። ትእዛዙ "ደስ ብሏቸው ቅረጻቸው" የሚል ነበር። ከመኪና የወረዱት ደግሞ የገዛ አገሩ ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴትዮ ካሜራውን ትኩር ብላ አየችና "አንተ ልጅ፣ ይህን እቃ አስቀምጥና ውሃው የት እንደሆነ አሳየን" አለችው። እሱም ይህን ቀረጸ። አዲስ አበባ ሲደርስ አለቆቹ ይህችን ቆርጠው ጣሏት። አባቴ ቁራጩን ከቅርጫት አንስቶ በኪሱ ይዞ ወጣ፤ እስካሁን አለው። "የራሴን ፊልም መሥራት የጀመርኩት ያን ቀን ነው" ይላል። እናቴ፣ ያኔ ገና ባታውቀውም፣ "ድህነታችን የጀመረው ያን ቀን ነው" ትላለች።

ወደ አሶሳ ተመልሶ እናቴን አገባ። እናቴ ከበርታ ብሔረሰብ ናት፤ አማርኛዋን ገበያ ላይ ነው የተማረችው፣ እሱ በርታኛውን ከእሷ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው። አባቴ ፊልም ከጨረሰ ለማንም ከማሳየቱ በፊት ፊልሙ ውስጥ ላሉት ሰዎች ያሳያል። አንሶላ በሁለት ቀርከሃ መሃል ይወጥራል፣ የራሱን ትንሽ ጄነሬተር ራቅ አድርጎ ያስነሳል፣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። አንዱ ተነስቶ "ያ የኔ በሬ ነው! መልሰው!" ካለ ይመልሰዋል። ሌላው "እኔ እንደዚህ አላልኩም" ካለ ይሰማዋል፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ሰፋሪዎች መንደር ሲያሳይ አንዲት እናት የሞተ ባሏን አየች፤ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ። "አንዴ ድገምልኝ" አለች። ደገመላት። "አንዴ ብቻ።" ደገመላት። ያን ማታ ሰውየው ጄነሬተሩ ነዳጅ እስኪጨርስ ድረስ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ አመሸ፤ ከመንደሩ ሰው ደግሞ "ይበቃል" ያለ አልነበረም።

መንግሥት ሲለወጥ አሶሳ የአዲስ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ቢሮ ሁሉ አዲስ፣ ታፔላው ቀለሙ ያልደረቀ፣ ወንበሩ ግን የድሮው። አንድ ኃላፊ አባቴን አስጠራው፤ እኔም ምሳ ላደርስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

"አቶ ይማም፣ የክልሉን ብሔረሰቦች የሚያሳይ ፊልም ሥራልን። ለሁሉም እኩል ደቂቃ።"

"የአንዱ ዘፈን ከሌላው ቢረዝምስ?"

"አሳጥረዋ።"

"ሰፋሪውስ?"

ኃላፊው እርሳሱን ነከሰ። "ሰፋሪው… መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝር ሲያልፍ ከኋላ ይታይ።"

አባቴ አመስግኖ ወጣና ማንም ያላዘዘውን ፊልም ጀመረ፤ የእናቴ ዘመዶች የሚነፉትን ዙምባራ።

ዙምባራን ለማታውቁት፦ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ነፊዎቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ እፍ ሲል ሌላው ይቀበለዋል፣ የሱን ሌላው። ዜማው ከሰው ወደ ሰው ይዞራል እንጂ የማንም አይደለም። የሚነፋው አዝመራ ሲገባ ነው፤ ከዚያ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፣ እስከሚቀጥለው አዝመራ አይነካም።

አባቴ ሲቀርጽ መሸ። መብራት እንዲኖረው ብሎ ጄነሬተሩን አስጠጋው። ምስሉ እንዴት ያለ ያምራል መሰላችሁ! ድምፁን ሲሰማው ግን ጄነሬተር ብቻ ነው፤ ዙምባራው ከወፍጮ ቤት ኋላ የሚነፋ ይመስላል። ጠዋት ተመልሶ ሄደና ጀርመን የተማረውን አደረገ፦ "አንድ በአንድ ንፉልኝ፤ እኔ በኋላ እገጣጥመዋለሁ።" ዙምባራ አንድ በአንድ! አንዱ ብቻውን "ቡፍ" ሲል ሌሎቹ በሳቅ ይወድቃሉ። "ፍየልህ ጠፋች? ማንን ነው የምትጠራው?" ይላሉ። ቢሆንም ነፉለት፣ ቀዳ፣ ኻል ሀሩን ጋ ደረሰ።

ኻል ሀሩን የእናቴ አጎት ነው። "ኻል" በርታዎች ከአረብኛ የወሰዱት ነው፣ የእናት ወንድም ማለት፤ እኛም ሁላችን እንደዚያ ነው የምንጠራው። የሚነፋው ትልቁን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ነው። አማርኛው ደግሞ የራሱ ነው፤ ሴትም ወንድም "አንተ" ነው።

"እኔ ብቻዬን አይነፋም" አለ።

"ኻል፣ ለአንድ ጊዜ፣ ለማይኩ ነው" አለ አባቴ።

"ብቻውን የሚያወራ ሰው ምን ይባላል?"

"እብድ።"

"እሺ። እኔ እብድ ነው?"

አባቴ ነገ እለምነዋለሁ ብሎ ተወው። በነጋታው ግን ዙምባራዎቹ ወደ ማደሪያቸው ገብተው ነበር፤ ከገቡ ደግሞ ገቡ። አባቴ አልደነገጠም። አንድ ድምፅ ብትጎድል ምን ይመጣል ብሎ ነበር መሰለኝ።

በቀጣዩ ክረምት ከጀርመን መልእክት መጣ። አብሮት የተማረው ቮልፍጋንግ ሃምቡርግ አንድ የፊልም ትምህርት ቤት ክፍል ኃላፊ ሆኖ "ለአንድ ዓመት ና አስተምር" አለው። ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ ፊልም ለኮሚቴ አሳይቶ ከወደዱለት ቋሚ ፕሮፌሰር ይሆናል፤ ቋሚ ከሆነ ቤተሰቡን በሙሉ ማምጣት ይችላል። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ "ለአንድ ዓመት ብዬ ሱቄን አልዘጋም፣ ሕፃን ታቅፌም አልንከራተትም። ቋሚ ስትሆን ጥራኝ" አለች። ትንሹን ወንድሜን ጀማልን አስቀረች፣ እኔን ላከች። "እሱ ካሜራ ከያዘ መብላት ይረሳል። አንቺ አስታውሺው" አለችኝ። እንግዲህ ወደ አውሮፓ የሄድኩት ምሳ ለማስታወስ ነው።

በሄድንበት ማታ፣ በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ኻል ሀሩን መጨረሻ ገባ። ጣሳዎቹን በእግሩ ዳበሳቸው።

"ይማም፣ እኛ እዚህ ውስጥ አለን?"

"አላችሁ።"

"መጀመሪያ እኛ እናያለን። ነጭ ሰው በኋላ ያያል።"

"ቃሌ ነው።"

"በአላህ?"

"በአላህ።"

ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አንተ ራህማ፣ ብርድ አለ ይላሉ። ልብስ ሁለት ልበስ።"

ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ወጣን። መስከረም ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባምባሲ ሳንደርስ ተያዝን፣ ወንዱ ሁሉ ወርዶ ገፋ። አባቴ አልገፋም፤ ሲገፉ ቀረጻቸው። ረዳቱ ተናዶ "ጋሼ፣ ይሄ እቃ ጉልበት የለውም?" አለው። ባምባሲ አንዲት የወለጋ እናት የተጠበሰ በቆሎ ሸጠችልንና ሩቅ እንደምንሄድ ስትሰማ አንድ ጨምራ "ነጋን ገላ" አለችን፤ በሰላም ግቡ። ያቺን በቆሎ አዲስ አበባ እስክንደርስ ሳልበላ ይዣት ነበር። አውሮፕላን ውስጥ የበላሁትን ደግሞ እስካሁን ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ሃምቡርግ እንደደረስን የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድን። አባቴ ጀርመንኛው ጥሩ ነው፤ ግን የምሥራቁ ጀርመንኛ ስለሆነ ሰው ሲሰማው ፈገግ ይላል፣ የአያቱን ልብስ የለበሰ ያየ ይመስል። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰውዬ ግን ፈገግ የሚል ዓይነት አልነበረም።

"ዲፕሎማዎ ከየት ነው?"

"ከጀርመን።"

"ይሄማ የምሥራቁ ነው። ያ አገር የለም።"

"ስማር ነበር።"

"የመጡበት ክልል?"

"ቤኒሻንጉል ጉሙዝ።"

ሰውዬው ወፍራም መጽሐፍ ገለጠ። "አሶሳ… አሶሳ ወለጋ ውስጥ ነው የሚለው።"

"ነበር። አሁን አዲስ ክልል ነው።"

"እስኪጸና ድረስ ወለጋ ልበለው?"

"ጌታዬ" አለ አባቴ፣ "የተማርኩበት አገር ቀርቷል አሉኝ። የመጣሁበት ደግሞ ገና አልደረሰም ሊሉኝ ነው?"

ሰውዬው መጻፍ ጀመረ። ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን ስላልበቃው "ቤኒሻ" ላይ ሲደርስ አቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ የጀርመን መንግሥት እኔንና አባቴን የሚያውቀን የቤኒሻ ሰዎች አድርጎ ነው።

የተከራየነው ፍራው ሊንደማን የሚባሉ ሴትዮ ቤት ላይኛው ፎቅ ነው፤ "ፍራው" ወይዘሮ፣ "ሄር" አቶ ማለት ነው። እሳቸው ምድር ቤት ይኖራሉ። ቁልፍ ሲሰጡን ያስተማሩን የመጀመሪያ ቃል "ሩኤ" ነው፤ ጸጥታ። ከሰዓት በኋላ የሩኤ ሰዓት አለ፤ ያን ጊዜ ሚስማር አይመታም፣ ጫማ አይረገጥም፣ ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅም ቀስ ተብሎ ነው (ውሃ እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚለቀቅ አላስተማሩንም)። ደረጃው ሥር አንዲት ቀርከሃ በሸክላ ተክለዋል፤ በስኒ ለክተው ያጠጧታል፣ ያናግሯታልም። እኔ ደስ ብሎኝ "እኛ አገር ጫካ ሙሉ አለ! ቤት እንሠራበታለን፣ አጥር እናጥርበታለን፣ ክረምት ሲሆን ቡቃያውን እንበላዋለን" አልኳቸው። በነጋታው ቀርከሃዋን ወደ ቤታቸው አስገቧት።

ማንጎስ? እኛ ጋ በወቅቱ መንገድ ላይ ወድቆ ሰው እያንሸራተተ አይደል? እዚህ አንዷ ማንጎ እንደ አራስ ልጅ በወረቀት ተጠቅልላ ትሸጣለች። ቀምሻታለሁ። ዱባ ናት። ሰው ደግሞ ሰላም አይልም፤ ሰላም ካለ ግን የሆነ ነገር አጥፍተሻል ማለት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የማሽላ ዱቄት ከአረቦች ሱቅ ገዝቼ ገንፎ አገነፋለሁ፣ እናቴ ፈጭታ የሰጠችኝን ደረቅ ባምያ ወጥ አደርጋለሁ፣ አባቴን "ብላ" እለዋለሁ። ሥራዬ ነዋ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተማሪዎች አባቴን ይወዱታል፤ እኔም ከትምህርት ስመለስ ክፍሉ ኋላ እቀመጣለሁ። አሠራሩን እዚያም ይዞት ገባ። ስለ አንድ አውቶቡስ ሾፌር ፊልም የሠሩትን "መጀመሪያ ለሾፌሩ አሳዩት" አላቸው። ተደናገጡ።

"'ሆዴ ተልቋል፣ አውጡልኝ' ቢለንስ?"

"እውነት ተልቋል?"

"ተልቋል።"

"እንግዲያው ተነጋገሩበት። ነገም ያው አውቶቡስ ላይ ነው የምትሳፈሩት።"

የራሱን ፊልም ግን መጨረስ አልቻለም። ፊልም የሚቆረጥበት ትልቅ ጠረጴዛ አለ፣ ሽናይደቲሽ ይሉታል፤ ምስሉ በአንድ በኩል ድምፁ በሌላ በኩል ይሽከረከራል። አንድ በአንድ የቀዳቸውን ድምፆች እየቆረጠ በየቦታቸው ለጠፋቸው፤ ዜማው ተነሳ፣ ዞረ፣ ዞረና ኻል ሀሩን ጋ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። በምስሉ ላይ ኻል ሀሩን ጉንጩን ነፍቶ ይታያል፤ ድምፅ የለም። እንደገና ዞሮ ይመጣል፤ እንደገና ጉድጓድ። እያነከሰ የሚሄድ ሰው ዓይነት ነው።

ቴፑን ቤት አምጥቶ ደጋግሞ ይሰማ ጀመር። አንድ ቀን ፍራው ሊንደማን በር አንኳኩ።

"ሄር ይማም፣ ቤት ውስጥ መርከብ አለ?"

"የለም።"

"እኔ የተወለድኩት ወደብ ላይ ነው። መርከብ አውቃለሁ።"

"ዙምባራ ነው፤ የባለቤቴ አገር መለከት።"

"በሩኤ ሰዓት አይነፋም።"

"እሱም የራሱ ሩኤ አለው" አለ አባቴ፤ "አዝመራ እስኪገባ ድረስ አይነካም።"

ፍራው ሊንደማን ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩን። "ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው" ብለው ወረዱ።

ቮልፍጋንግ መፍትሔ አመጣ። ሰውዬው ሁልጊዜ መፍትሔ አለው። ፖዛውነ የሚባል የነሐስ መለከት የሚነፋ ተማሪ ይዞ መጣ፤ ልጁ ቴፑን ሰማ፣ የጎደለችውን ድምፅ አገኛት፣ በቦታዋ ነፋት። ዜማው ማነከሱን አቆመ! እኔ አጨበጨብኩ። አባቴ ደግሞ ደጋግሞ አዳመጠ፣ ከዚያ "አመሰግናለሁ፣ ጎበዝ ነህ" አለውና ማሽኑን አጠፋ።

"ምን ጎደለው?" አለ ቮልፍጋንግ።

"ሰውዬው።"

"ይማም፣ ኮሚቴው ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም።"

"ኻል ሀሩን ያውቃል።"

"ኻል ሀሩን ኮሚቴ ውስጥ የለም!"

"መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው" አለ አባቴ።

መንገዱን ሁሉ ከፊቱ ከፊቱ ሄድኩ። ቤት ስንገባ ግን አልቻልኩም። "እማን ነው የምትፈልገው ወይስ መለከቱን?" አልኩት። "ፊልሙ ካላለቀ ቋሚ አትሆንም፣ ቋሚ ካልሆንክ እማ አትመጣም። ፖዛውነው ምን አለበት?" አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። "ውሃው የት እንደሆነ የጠየቀችኝን ሴትዮ አዲስ አበባ ላይ የቆረጧት ማንም አያውቅም ብለው ነው" አለኝ። እኔም ገንፎውን አቀረብኩ፤ ተኳርፈን በላን።

መላው የመጣልኝ ሳህን ሳጥብ ነው። ኻል ሀሩን "ብቻዬን አይነፋም" አለ እንጂ "አይነፋም" አላለም! ሌሎቹ ደግሞ እዚህ ቴፑ ላይ አሉ። ታኅሣሥ ነው፣ ማሽላው ገብቷል፣ ዙምባራዎቹ ወጥተዋል። በስልክ ብናሰማውስ? ለአባቴ ስነግረው ብድግ አለና ካፖርቱን አወለቀ፤ እስካሁን አላወለቀውም ነበር እኮ።

ለእናቴ መልእክት ልከን በተባለው ቀን ደወልን። እዚህ ጠዋት፣ እዚያ ወደ ቀትር ነው። ትምህርት ቤቱ የቮልፍጋንግን ቢሮ ስልክ ፈቀደልን፤ አባቴ መቅጃ ከስልኩ ጋር አገናኘ። እናቴ ከአሶሳ ቴሌ አነሳችው፤ ከኋላዋ ጫጫታው ገበያ ነው።

"እማ! ኻል ሀሩን አለ?"

"እሱማ አለ። መለከቱ ነው አልገባ ያለው! የስልኩ ክፍል ጠባብ ነው፣ በሩ አልዘጋ ብሏል፤ ወረፋ የያዘው ሰው አፉን ይዞለታል። የመለከቱን አፍ ማለቴ ነው።"

አንድ የወንድ ድምፅ "ሸህ፣ ወረፋው ለሰው ነው እንጂ ለመለከት አይደለም!" ሲል ሰማሁ፤ የቴሌው ሠራተኛ መሆን አለበት። ኻል ሀሩን "እሱም ሩቅ ዘመድ አለው" ብሎ መለሰለት። ከዚያ ስልኩን ያዘ።

"አንተ ራህማ! በልተሃል?"

"በልቻለሁ ኻል።"

"ልብስ ሁለት?"

"ሦስት!"

አባቴ ቴፑን አስነሳና ድምፅ ማጉያውን ወደ ስልኩ አስጠጋው። ኻል ሀሩን መጀመሪያ ሰማ። ከዚያ ድምፅ በድምፅ ይቆጥራቸው ጀመር፤ "ይሄ ኢድሪስ ነው… ይሄ ኢድሪስ ልጅ ነው፣ ትንፋሽ የለውም… ይማም፣ ሁሉም አለ!"

"አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው" አለ አባቴ።

"መጣሁ።"

ቴፑን መለስነው። ዜማው ተነሳ፣ ዞረ፣ ጉድጓዱ ጋ ደረሰ፤ ምንም። አለፈ። ከዚያ፣ ሌላው መለከት ከጀመረ በኋላ፣ ከስልኩ ውስጥ ያ ወፍራም ድምፅ "ቡም" አለ። እንደገና ዞረ፤ እንደገና ዘግይቶ ገባ። አባቴ ፊቱ ተለወጠ። "አርጅቷል እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

ሲያበቃ ግን ከአሶሳ ጭብጨባና እልልታ መጣ። እናቴ ስልኩን ቀምታ "ሰማችሁት? እንዴት ልክ ገባ! አንዴም አልሳተም! ወረፋ የያዘው ሁሉ እየጨፈረ ነው!" አለች።

ያኔ ነው የገባን። እዚያ ልክ ነበር። የእኛ ድምፅ እሱ ጋ እስኪደርስ፣ የእሱ ወደኛ እስኪመለስ ነው የሚዘገየው። አሶሳ ላይ ዜማው ሙሉ ነው፤ ሃምቡርግ ላይ ነው ያነከሰው።

"እማ፣ አሁን ፊልሙ ያልቃል" አልኳት።

"አልሃምዱሊላህ! እንግዲያው በሚቀጥለው ክረምት ባምያ አላደርቅም። ራሴ መጥቼ እሠራላችኋለሁ፣ የደረቀ ለማን ልልክ?"

ኻል ሀሩን መጨረሻ ላይ ለአባቴ እንዲህ አለው፦ "ሰማሁ። ግን አላየሁም። ማየት ገና ነው።"

ቮልፍጋንግ መቀስ አቀበለው። "በጣም ቀላል ነው፤ ቆርጠህ ወደ ቦታው አስጠጋው።" እውነትም ቀላል ነው፤ እኔ እንኳ ልቆርጠው እችላለሁ። አባቴ ብዙ ቀን መቀሱን ከቴፑ አጠገብ አስቀምጦ ሲያዳምጥ ከረመ። መጨረሻ ላይ እንደመጣ አስገባው፤ ዘግይቶ፣ ከነስልኩ ሿሿታ፣ ከነገበያው። የቴሌው ሠራተኛም ፊልም ውስጥ ገባ። እኔም በዚህ ጊዜ አልተቆጣሁም። ወደ ቦታው ተጠግቶ ሲሰማ ፖዛውነ ይመስላል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ኻል ሀሩን ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ በቪዲዮ ካሴት መጀመሪያ ወደ አሶሳ ላክነው፤ ኻል ሀሩን አይቶ "አሁን ነጭ ሰው ያያል" ብሎ መለሰልን። ኮሚቴው በበጋቸው፣ በእኛ ክረምት መግቢያ ላይ አየው። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። አንድ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ "ትልቁ መለከት ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ስህተት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ከአሶሳ እስኪደርስ ነው" አለ አባቴ።

ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ እጁን ጨበጡት። ከሳምንታት በኋላ ቮልፍጋንግ ቤታችን መጣ፤ ፍራው ሊንደማንን ፈርቶ ጫማውን አውልቆ ነው የወጣው። ፊልሙን ወደውታል። ሥራውን ደግሞ ለአንድ ዓመት አራዝመውለታል፤ ቋሚው ግን ሌላ ፊልም ካዩ በኋላ ይወሰናል። "ጥሩ ዜና ነው" አለ ቮልፍጋንግ። አባቴ "ጥሩ ዜና ነው" አለ። እኔ ገንፎ ጨመርኩላቸው።

ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አባቴ አጠገቤ ቆሞ የስልኩን ገመድ በጣቱ ይጠመጥማል። በአሶሳ ቴሌ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማኛል። ጀማል መናገር ጀምሯል፤ "አባ ጣሳ ውስጥ ነው?" ሲል ሰማሁት። ከዚያ ነገርኳት፤ ፊልሙን እንደወደዱት፣ አንድ ዓመት እንደጨመሩ፣ ቋሚ ግን እንዳልሆነ።

መልሷን ጠበቅኩ። እኔ እንግዲህ አሁን አውቃለሁ፤ ከዚያ እስከዚህ ድምፅ ምን ያህል እንደሚዘገይ ጆሮዬ ለምዶታል። ያ ጊዜ አለፈ። ዝናቡ ይሰማል። ኻል ሀሩን ሁለት ጊዜ ሊነፋበት የሚችል ጊዜ አለፈ፤ አባቴ ገመዱን መጠምጠም አቆመ።

"እሺ" አለች እናቴ። "ባምያው ደርሷል። ዝናቡ ሲያባራ ላድርቀው በቃ።"